የመንግሥት ሠራተኛና የኮቪድ ምርመራ በአሜሪካ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ወረርሽኙ ካለፈ በኋላም ይህ ጉዳይ አላለቀም። አውቶቡስ የሚነዱ፣ በካውንቲ ቢሮ የሚሠሩ፣ በፌዴራል ሕንፃ በር ላይ ጥበቃ የሚቆሙ ወገኖቻችን ዛሬም ይጠይቃሉ። ያኔ ያስመረመሩን በምን ሕግ ነው? ሰዓቱስ ሊከፈለን አይገባም ነበር? ያ ሁሉ ውጤት አሁን የት ነው ያለው? ብዙዎቻችን የመጣልንን ኢሜይል በጥድፊያ አንብበን፣ ፎርሙን ፈርመን፣ ናሙና ሰጥተን ወደ ሥራ ገብተናል፤ መብቴ ምንድን ነው ብሎ የጠየቀው ጥቂት ሰው ነው። እኔን የሚያሳስበኝም ይሄ ነው። ሌላ ወረርሽኝ ሲመጣ እንደገና ሳናውቅ እንዳንፈርም፣ በብዛት የምሰማቸውን ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እዚህ ጽፌያቸዋለሁ። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የመመርመር ግዴታ ነበረበት?

አልነበረበትም። ግራ መጋባቱ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። አሜሪካ ውስጥ መንግሥት የሚባለው አንድ አሠሪ አይደለም። ፌዴራል አለ፣ ስቴት አለ፣ ካውንቲ አለ፣ ከተማ አለ። ሁሉም የየራሱን ሕግ አወጣ። ባልና ሚስት አንድ ቤት እየኖሩ፣ እሷ በየሳምንቱ ተመርምራ ሥራዋን ስትቀጥል እሱ ካልተከተበ የሚባረርበት ሁኔታ ነበር። አሠሪያቸው ስለሚለያይ ብቻ።

ካሊፎርኒያ ጁላይ 26፣ 2021 ላይ ለስቴት ሠራተኞቿ ወይ የክትባት ማስረጃ አምጡ ወይ ቢያንስ በሳምንት አንዴ ተመርመሩ አለች። ቨርጂኒያም ኦገስት ላይ ተመሳሳይ ነገር አወጀችና ከሴፕቴምበር 1 ጀምሮ ሥራ ላይ አዋለችው፤ በጃንዋሪ 2022 አዲሱ ገዥ ሥልጣን በያዙበት ቀን ግን ተሻረ። ዋሽንግተን ዲሲ በመጀመሪያ ለከተማው ሠራተኞች ሳምንታዊ ምርመራን እንደ አማራጭ ሰጥታ ነበር። ዲሴምበር 2021 ላይ ኦሚክሮን ሲያጥለቀልቀን አማራጩን አነሳችው። ኒውዮርክ ከተማም እንዲሁ፦ ከሴፕቴምበር 13 ጀምሮ ክትባት ወይ ምርመራ ብላ፣ ኦክቶበር 20 ላይ ሐሳቧን ቀይራ እስከ ኦክቶበር 29 ተከተቡ አለች።

ሲያትል አካባቢ ያላችሁ ደግሞ የእናንተ የተለየ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። የዋሽንግተን ስቴት ገዥ፣ የኪንግ ካውንቲና የሲያትል ከተማ አስተዳደሮች አንድ ላይ ሆነው ኦክቶበር 18፣ 2021ን የመጨረሻ ቀን አደረጉ። በየሳምንቱ እየተመረመሩ መቆየት የሚባል አማራጭ አልተሰጠም። ዲሲ ያለው ዘመዳችሁ እኔ እየተመረመርኩ ነው የምሠራው ሲላችሁ እናንተ ጋ ያልሠራው ለዚህ ነው።

ፌዴራል ላይስ እንዴት ነበር?

ፌዴራሉ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። መጀመሪያ ጁላይ 29፣ 2021 ፕሬዚዳንት ባይደን ሠራተኛው ሁሉ መከተብ አለመከተቡን በፊርማ እንዲያረጋግጥ አደረጉ። ያልተከተበ፣ ወይም መናገር ያልፈለገ ሰው ጭምብል ያደርጋል፣ ይራራቃል፣ በሳምንት አንዴ ወይም ሁለቴ ይመረመራል ተባለ። ከዚያ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ሴፕቴምበር 9 ላይ፣ ፕሬዚዳንታዊ ትዕዛዝ ቁጥር 14043 ወጣ። ይኼኛው በምርመራ ማለፍን አስቀረ። በጤና ወይም በሃይማኖት ምክንያት ካልተፈቀደለት በስተቀር ሁሉም እስከ ኖቬምበር 22 መከተብ ነበረበት።

ያች ፎርም ቀላል ወረቀት እንዳልነበረች ልንገራችሁ። ሳይከተቡ ተከትቤያለሁ ብሎ መፈረም ለፌዴራል መንግሥት የሐሰት ቃል መስጠት ነው፤ እስከ አምስት ዓመት እስር የሚያስቀጣ ወንጀል። እንደሚያስቀጣም ፎርሙ ላይ ተጽፎ ነበር። ስንቱ ሰው አንብቦት ይሆን?

ፍርድ ቤት አግዶት አልነበር? ታዲያ ለምን ያስመረምሩን ነበር?

ጃንዋሪ 21፣ 2022 ቴክሳስ ውስጥ የተቀመጡ አንድ የፌዴራል ዳኛ ትዕዛዙን በመላ አገሪቱ አገዱት። ያኔ ብዙ ሰው ተገላገልን አለ። እገዳው ግን የክትባት ግዴታውን ነው የያዘው። ጭምብሉ፣ ርቀቱ፣ ምርመራው አልታገደም። እንዲያውም ያልተከተቡ ሠራተኞችን በየጊዜው የመመርመሩ ፕሮግራም በየመሥሪያ ቤቱ በቅጡ የተደራጀው ከእገዳው በኋላ፣ በ2022 መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ፍርድ ቤት አሸንፈናል ብሎ ምርመራ የቀረ ሰው ራሱን ለቅጣት አጋልጧል። እንዲህ ያለ ዜና ስትሰሙ፣ የታገደው የትኛው አንቀጽ ነው ብላችሁ ጠይቁ። ዩኒየን ካላችሁ መጀመሪያ እዚያ ደውሉ፤ ፌስቡክ ላይ ከሚባለው ይሻላል።

መቶ ሠራተኛ ያለው ድርጅት የሚባለው ሕግስ?

እሱ ሌላ ነው። ኖቬምበር 2021 ላይ የሥራ ቦታ ደኅንነትን የሚቆጣጠረው ኦሻ፣ 100 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያላቸው ድርጅቶች ሠራተኞቻቸውን ወይ እንዲያስከትቡ ወይ በየሳምንቱ እንዲያስመረምሩ የሚል አስቸኳይ ደንብ አወጣ። በዋናነት የግል ድርጅቶችን የሚመለከት ነበር። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ጃንዋሪ 13፣ 2022 በ6 ለ3 ድምፅ አቆመው፣ ኦሻም ራሱ በዚያው ወር አነሳው። የፌዴራል ሠራተኛ ሆናችሁ ይህን ውሳኔ የራሳችሁ አድርጋችሁ ከቆጠራችሁት ተሳስታችኋል።

ለመሆኑ አለቃዬ ተመርመር ብሎ ሊያዘኝ ይችላል? ጤናዬ የግሌ አይደለም?

የግላችሁ ነው። ግን ሕጉ በር ትቷል። የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚጠብቀው ሕግ (ለፌዴራል ሠራተኛ ደግሞ የ1973ቱ የተሐድሶ ሕግ) አሠሪ ሠራተኛውን እንደፈለገ የሕክምና ምርመራ እንዳያስደርግ ይከለክላል። የሚፈቀደው ምርመራው ከሥራው ጋር የተያያዘና ለሥራው የግድ የሚያስፈልግ ሲሆን ብቻ ነው። የእኩል ሥራ ዕድል ኮሚሽኑ፣ ኢ.ኢ.ኦ.ሲ. የሚባለው፣ በኤፕሪል 2020 በቫይረሱ የተያዘ ሰው ለሌሎች አደገኛ ስለሆነ ምርመራው ይህን መስፈርት ያሟላል አለ።

ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንደኛ፣ የተፈቀደው አሁን ቫይረሱ አለባችሁ ወይ የሚለውን የሚያሳየው ምርመራ ነው። ከደም የሚወሰደውን፣ ከዚህ በፊት ታማችሁ ነበር ወይ የሚለውን የአንቲቦዲ ምርመራ አሠሪ ሊያስገድድ እንደማይችል ኮሚሽኑ በጁን 2020 በግልጽ ጽፏል። ሁለተኛ፣ በጁላይ 2022 ኮሚሽኑ መመሪያውን አጠበቀ። ከዚያ ወዲህ አሠሪ ዝም ብሎ ወረርሽኝ ነው ማለት አይበቃውም። በአካባቢው ያለው ሥርጭት፣ የሠራተኞቹ የክትባት ሁኔታ፣ ሥራው ምን ያህል ሰው ለሰው እንደሚያገናኝ፣ የምርመራው ትክክለኛነት፣ እነዚህን ሁሉ አይቶ አስፈላጊነቱን ማሳየት አለበት። በ2020 ልክ የነበረ ትዕዛዝ በ2022 መጨረሻ ላይ ልክ ላይሆን ይችላል።

የምርመራው ሰዓት የማን ነው? ከኪሴስ መክፈል ነበረብኝ?

ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ጥያቄ ይሄ ነው።

ለፌዴራል ሠራተኛ መልሱ ግልጽ ነበር። መሥሪያ ቤቱ ያዘዘው ምርመራ የሚወስደው ጊዜ የሥራ ሰዓት ነው። ከዓመት ፈቃድም፣ ከሕመም ፈቃድም አይቀነስም። ወጪውም የመሥሪያ ቤቱ ነው። ይህ ሁሉ በጽሑፍ ነበር። ያም ሆኖ፣ ከፈረቃው በፊት አንድ ሰዓት ቀድሞ እየመጣ የተሰለፈ፣ በእረፍት ቀኑ ፋርማሲ ሄዶ ከኪሱ የከፈለ፣ ከዓመት ፈቃዱ ላይ የተቆረጠበት ሰው አውቃለሁ። ማንም ስላልነገረው ነው። እሱም ስላልጠየቀ ነው። እንግዳ አገር ውስጥ ሥራ ይዞ ልጆች ለሚያሳድግ ሰው፣ ሰዓቴ ይከፈለኝ ማለት ምን ያህል እንደሚከብድ አውቃለሁ። ነገር ግን ይህ የሚለመን ነገር አይደለም። የሠራችሁበት ነው።

ለስቴት፣ ለካውንቲና ለከተማ ሠራተኛ መልሱ በየቦታው ይለያያል፣ የዩኒየኑ ስምምነትም ይወስነዋል። መሠረቱ ግን የፌዴራሉ የደሞዝና የሥራ ሰዓት ሕግ ነው። በሥራ ሰዓት፣ አሠሪ ባዘዘውና እሱ ባዘጋጀው ቦታ ሕክምና ለማግኘት የሚጠፋ ጊዜ፣ ወረፋው ጭምር፣ እንደ ሥራ ይቆጠራል። ከሥራ ሰዓት ውጪ የተደረገ ምርመራም ሥራውን በደኅና ለመሥራት የግድ ከሆነ የሚከፈልበት ሊሆን ይችላል። በዚህ ሕግ ያልተከፈለ ሰዓት የሚጠየቀው በሁለት ዓመት ውስጥ ነው፤ አሠሪው ሆን ብሎ ካደረገው በሦስት ዓመት። ስለዚህ የ2021 ሰዓታችሁ ጊዜው አልፎበታል። ይህን ስጽፍ ደስ አይለኝም፣ ግን የውሸት ተስፋም አልሰጥም።

የቤት ውስጥ ራፒድ ቴስት ይቀበሉ ነበር?

ብዙ ቦታ፣ ብቻችሁን ቤት አድርጋችሁ ፎቶ አንስታችሁ ስትልኩ አይቀበሉም ነበር። ምክንያቱ ናሙናው የማን እንደሆነ ማንም ስላላየ ነው። የኦሻ ደንብም ቢሆን ራስ ሠርቶ ራስ ያነበበውን አይቀበልም ነበር፤ አሠሪው ወይም በቪዲዮ የሚከታተል ባለሙያ ማየት ነበረበት። ፒሲአር ይበልጥ አስተማማኝ ነው፣ ግን ላቦራቶሪ ገብቶ ውጤቱ እስኪመጣ አንዳንዴ ቀናት ይፈጃል። አንቲጂኑ (ራፒድ ቴስቱ) በ15 ደቂቃ ይደርሳል፣ ግን ሕመሙ ሲጀምር ሊያመልጠው ይችላል። ለዚህ ነው በኋላ ላይ አንዴ ኔጋቲቭ ካሳያችሁ ከ48 ሰዓት በኋላ ድገሙት የተባለው።

ፖዘቲቭ ብሆን ምን ይደረግ ነበር?

ወደ ቤት ትላካላችሁ። የምትቆዩበት ጊዜ መጀመሪያ 10 ቀን ነበር። ዲሴምበር 27፣ 2021 ላይ የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲ.ዲ.ሲ.፣ ምልክት ለሌለበት ወይም እየተሻለው ላለ ሰው ወደ 5 ቀን አሳጠረው፣ ከዚያ በኋላ ለሌላ 5 ቀን ጭምብል። ከቤት መሥራት የሚችል ይሠራል። የማይችል፣ ማለትም አውቶቡስ ነጂው፣ ፖስታ አዳዩ፣ ነርሷ፣ የሕመም ፈቃዱን ይጠቀማል። ከማርች 11 እስከ ሴፕቴምበር 30፣ 2021 ድረስ ለፌዴራል ሠራተኞች እስከ 600 ሰዓት የሚደርስ ልዩ የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ ነበር፣ በሳምንት እስከ 1,400 ዶላር የሚከፍል። ስለ መኖሩ ሳይሰማ የራሱን ፈቃድ የጨረሰ ብዙ ነው።

ሌላም አለ። ታሞ የዳነ ሰው ምንም ሳያመው ፒሲአሩ ለሳምንታት ፖዘቲቭ ሊያሳይ ይችላል። የሞተው ቫይረስ ቅሪት ነው የሚያሳየው። ለዚህ ነበር ከተያዛችሁ በኋላ ለ90 ቀን ከመደበኛው ምርመራ ነፃ የምትሆኑት። የመጀመሪያውን ውጤት ወረቀት ያልያዘ ሰው ግን ይህን ማስረዳት ያቅተው ነበር፤ ደግሞ ከሥራ ቀርቶ ደግሞ ፈቃዱን ያጣ ነበር።

መታመሜን ለሥራ ባልደረቦቼ ይናገራሉ?

መናገር አይችሉም። አለቃችሁ አብረዋችሁ ለነበሩት ሰዎች፣ እዚህ ክፍል በቫይረሱ የተያዘ ሰው ነበር ሊል ይችላል። ስማችሁን ግን አይጠራም። ሰዎቹ ገምተው እገሌ ነው አይደል ቢሉት እንኳ አዎ ማለት የለበትም። ስሙ የሚሄደው ለጤና ባለሥልጣንና ሥራው ለሚጠይቀው በጣም ጥቂት ሰው ነው። ውጤቱም ከሌላው የሥራ ፋይላችሁ ተለይቶ በሚስጥር መቀመጥ አለበት።

ይህ ለእኛ ለሐበሾች ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ዴፖ ውስጥ አንድ ሰው ታመመ ከተባለ፣ ማታውኑ ቤተ ክርስቲያንና መስጊድ ድረስ ይደርሳል። ለቅሶ የሚደርሰው ይቀራል፣ ልጆቹን ማንም አይጠራቸውም። ስለዚህ በሕግ የተሰጣችሁን ሚስጥር እናንተም ለሌላው ጠብቁለት።

ደግሞ ይህን ብዙ ሰው አያውቅም፦ አለቃ፣ ቤትህ ውስጥ እናትህ ወይም ወንድምህ ኮቪድ አለባቸው ወይ ብሎ መጠየቅ አይችልም። የዘረ መል (የጄኔቲክ) መረጃን የሚጠብቀው ሕግ ስለ ቤተሰብ ሕመም መጠየቅን ይከለክላል። የሚችለው፣ ከማንኛውም በቫይረሱ ከተያዘ ሰው ጋር ተገናኝተሃል ወይ ብሎ በጥቅሉ መጠየቅ ነው።

ጾም ላይ ሆኜ ናሙና ብሰጥ ጾሜ ይፈርሳል?

በአፍንጫ የሚገባው ደረቅ ዘንግ ናሙና ይዞ ይወጣል እንጂ የሚዋጥ ነገር አያስገባም። ብዙ የሙስሊም ሊቃውንትም በረመዳን የአፍንጫ ናሙና ጾም አያፈርስም ብለዋል። ኦርቶዶክሱ ልቡ ካልተረጋጋ የንስሐ አባቱን ይጠይቅ። በምራቅ የሚደረገው ምርመራ እንዲያውም ለጾመኛ ይመቻል፤ ከመስጠት በፊት ለ30 ደቂቃ ምንም አይበላም፣ አይጠጣም፣ ማስቲካም አይታኘክም። ጠዋት ቡና ጠጥቶ የመጣው ነው ቆሞ የሚጠብቀው።

በእምነቴ ምክንያት ክትባቱን አልወስድም ካልኩስ?

በዚህ ላይ የሲቪል መብቶች ሕጉ ይመለከታችኋል። እምነታችሁ ከልብ የሆነ ከሆነ አሠሪው ከመጠን ያለፈ ጫና እስካልሆነበት ድረስ መላ ሊፈልግላችሁ ይገባል። ቤተ ክርስቲያናችሁ በይፋ ክትባትን አለመቃወሟ ብቻውን ጥያቄያችሁን ውድቅ አያደርገውም፤ የሚታየው የእናንተ እምነት ነው። ክትባቱን ፈርቼ ነው ወይም ፖለቲካውን አልወደውም ማለት ግን ሃይማኖት አይደለም። ተቀባይነት ያገኘ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መላ ሳምንታዊ ምርመራ ነበር። ስለዚህ ምርመራውንም አልቀበልም ሲል በሩን በራሱ ላይ ይዘጋል። ጁን 29፣ 2023 ላይ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአንድ የፖስታ ሠራተኛ ጉዳይ፣ አሠሪ ጫና ሆነብኝ ለማለት ከፍ ያለ ወጪ ማሳየት አለበት ብሎ ወስኗል። የሰውዬው ጉዳይ እሑድን ስለማክበር ነበር፣ ግን ለወደፊቱ ሁላችንንም ይጠቅማል።

አልመረመርም ብልስ?

ወደ ሥራ ቦታ እንዳትገቡ ሊከለክሏችሁ፣ ከዚያም በዲሲፕሊን ሊቀጧችሁ ይችሉ ነበር፤ እስከ ስንብት ድረስ። ሙሉ በሙሉ ከቤት የሚሠራ ሰው ግን ወደ ቢሮ እስካልመጣ በየሳምንቱ አይመረመርም ነበር። የጤና ችግር ያለበት ሰው፣ ለምሳሌ አፍንጫው የተጎዳ ወይም ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ በምራቅ ይደረግልኝ ብሎ በጽሑፍ መጠየቅ ይችላል። ዝም ብሎ መቅረት ግን ራስን መጉዳት ነው። መጀመሪያ ጥያቄውን በኢሜይል አስገቡ፣ ቅጂውን በግል ኢሜይላችሁ ያዙ፣ ከዚያ ተከራከሩ።

የፌዴራል ሕንፃ ውስጥ ነው የምሠራው፣ ግን አሠሪዬ ኮንትራክተር ነው።

ጥበቃው፣ ጽዳቱ፣ ፓርኪንጉ፣ ካፍቴሪያው ብዙ ጊዜ በዚህ ውስጥ ነው፣ የእኛም ሰው በብዛት እዚያ አለ። ያልተከተበ የኮንትራክተር ሠራተኛ ወደ ሕንፃው ለመግባት ባለፉት 3 ቀናት ውስጥ የተሠራ ኔጋቲቭ ውጤት ያስፈልገው ነበር። ለኮንትራክተሮች የወጣው የክትባት ትዕዛዝ በዲሴምበር 2021 ጆርጂያ ውስጥ ባለ ፍርድ ቤት ታግዷል። ፖዘቲቭ ከሆናችሁ ኩባንያችሁ ለመሥሪያ ቤቱ ስማችሁን ማሳወቅ ይችላል፣ አብረዋችሁ የነበሩትን ለመለየት ያስፈልጋልና። ለፌዴራል ሠራተኛ የተሰጠው ፈቃድና ክፍያ ግን በቀጥታ አይመለከታችሁም። አንድ በር ላይ፣ አንድ ቫይረስ ፊት ቆመው፣ አንዱ ሲከፈለው አንዱ አይከፈለውም። ይህ ልክ አይደለም።

አሁን ይህ ግዴታ አለ?

የለም። ሲ.ዲ.ሲ. ኦገስት 11፣ 2022 ምልክት የሌለበትን ሰው በየጊዜው መመርመር በአብዛኛው ቦታ አያስፈልግም ካለ በኋላ የፌዴራሉ ሳምንታዊ ምርመራ ቆመ። ካሊፎርኒያም በሴፕቴምበር 2022 አነሳች። የፌዴራሉ የክትባት ትዕዛዝ ራሱ ሜይ 12፣ 2023 ተሽሯል።

ውጤቶቼ ፋይሌ ውስጥ ካሉ ማየት እችላለሁ?

የፌዴራል ሠራተኛ ከሆናችሁ፣ ወይም ከነበራችሁ፣ በ1974ቱ የግላዊነት ሕግ መሠረት ስለ ራሳችሁ የተያዘውን መዝገብ በጽሑፍ መጠየቅ ትችላላችሁ። የሕክምና ፋይሌን ቅጂ እፈልጋለሁ ብላችሁ ለሰው ኃይል ክፍሉ (ለኤችአር) ጻፉ፤ ምክንያት መስጠት አይጠበቅባችሁም። የተሳሳተ ነገር ካገኛችሁ እንዲታረም ጠይቁ። ምርመራውን ተከትሎ መድልዎ ደረሰብኝ የሚል ሰው ግን ቀኑን ይወቅ፦ የፌዴራል ሠራተኛ ጉዳዩ በደረሰ በ45 ቀን ውስጥ የመሥሪያ ቤቱን የእኩል ዕድል አማካሪ ማግኘት አለበት፤ ለሌላው ሠራተኛ ኢ.ኢ.ኦ.ሲ. ጋ የሚቀርበው አቤቱታ 180 ቀን፣ በብዙ ስቴቶች 300 ቀን አለው። ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው ጉዳዩ ከደረሰባችሁ ዕለት ነው፣ አለቃችሁ እስኪመልስላችሁ አይጠብቅም።